የዲንቄ እርምጃ

ዲንቄን ከፊቷ በፊት በተረከዟ ነው ያወቅኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን ወደ እንጦጦ ጫካ ስንወጣ ከኋላዋ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። በእኛ ቡድን ውስጥ ከሰው ኋላ የሚሮጥ ሰው ሰማይም ዛፍም አያይም፤ የሚያየው ከፊቱ ያለውን እግር ነው። የግራ ጫማዋ ተረከዝ በውጭ በኩል እንዴት እንደተበላ፣ ቀዩ አፈር ካልሲዋ ላይ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ዳገቱ ሲጠና ቁርጭምጭሚቷ እንዴት እንደሚወጠር አውቅ ነበር። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳያት ግን ማን እንደሆነች ለአፍታ ጠፋኝ። እሷ ናት የሳቀችው። «ናዝራዊት፣ እግሬን ላንሳልሽ?» አለችኝ።

አትሌቶች አይደለንም። አስራ አንድ ነን፤ አስተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ፀጉር ሠሪ አለች። የምንሮጠው ግን አትሌቶቹ እንደሚሮጡት ነው፤ በአንድ መስመር፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ሆኖ፣ በባህር ዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዝን። የፊተኛው ሥሩንና ጉድጓዱን አይቶ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይመርጣል። ከኋላው ያለው አይመርጥም። ፊተኛው የረገጠበትን ይረግጣል፤ ያኛው ግራውን ሲያነሳ ግራውን፣ ቀኙን ሲያነሳ ቀኙን ያነሳል። ይህን «እግር መያዝ» እንለዋለን። እግር የያዘ ሰው አይደክመውም ይባላል፤ እውነትም ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን በጣም የገረመኝ እሱ ነበር፤ አስራ አንድ ሰው እየሮጠ የሚሰማው የአንድ ሰው ኮቴ ነው።

ያ ኮቴ የጋሽ ፍቅረማርያም ነበር። ጋሽ ፍቅረማርያም ፈረንሳይ ለጋሲዮን አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። በወጣትነቱ ለአንድ ክለብ አሥር ሺህ ሜትር ሮጧል። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በጣም ረጅም ነው፤ ሲሮጥ ለሰው ርስት የሚለካ ይመስላል፣ እያንዳንዱ እርምጃው ሰፊና እኩል ነው። ከእሱ በስተቀር መስመሩን የመራ ሰው አልነበረም። ሁለተኛዋ ደግሞ ዲንቄ ነበረች።

ሁለተኛ መሆን በእኛ ዘንድ ክብር ነው። ሁለተኛው እግር ከሳተ ከኋላ ያለው ሁሉ ይስታል። ዲንቄ ሦስት ዓመት በዚያ ቦታ ሮጣ አንድም ቀን አልሳተችም። ጋሽ ፍቅረማርያም ለማመስገን የሚቸገር ሰው ቢሆንም ስለ እሷ ሲያወራ «ከኋላዬ ሰው ያለ አይመስለኝም» ይል ነበር። እኛ ይህን ትልቅ ሙገሳ አድርገን ነበር የምናየው።

ዲንቄ ሰቦቃ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተወለደችው የካ አባዶ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ፣ መሬቱ ጤፍና ሽንብራ ሲያበቅል። ዛሬም የምትኖረው እዚያው ነው፤ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ። አንድ ጊዜ በረንዳዋ ላይ ቆመን «ያ የውሃ ታንከር ያለበት የአባቴ የሽንብራ ማሳ ነበር» አለችኝ፣ ልክ የታክሲ ፌርማታ እንደምታሳይ ሰው፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ። የምትሠራው መገናኛ አካባቢ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ከፋይሎች መካከል ተቀምጣ ትውላለች፤ ማታ ታክሲ ተሰልፋ፣ ጉልበቷን ከፊተኛው ወንበር ጋር አጣብቃ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። «ሳምንቱን ሙሉ የምረግጠው ሲሚንቶ ነው» ትላለች። «አፈር የሚያገኘኝ ቅዳሜ ብቻ ነው።» እኛ ቅዳሜ የምንመጣው ክብደት ለመቀነስ፣ ወይም ጭንቀት ለማስወገድ፣ ወይም ሰው ለማግኘት ነበር። እሷ የምትመጣው መሬት ለመርገጥ ነበር።

መጀመሪያ ጊዜ «እትዬ» ስላት ከለከለችኝ። «ዳገት ላይ አንቱታ ትንፋሽ ይፈጃል። ዲንቄ በይኝ።» ከጋሽ ፍቅረማርያም በቀር ሁላችንም ከዚያ ወዲህ በስማችን ብቻ እንጠራራለን። እሱን «ጋሼ» ማለት ያልተውነው፣ እንደ ዲንቄ አባባል፣ የእሱ ትንፋሽ ስለማያልቅ ነው።

ሕመሙ የጀመራት በሩጫ ላይ አይደለም፤ በደረጃ ላይ ነው። ነሐሴ ውስጥ ነው። ውሃ ምድር ቤት ብቻ የመጣ ቀን ጀሪካን ይዛ ስትወርድ፣ ከቀኝ ጉልበቷ ሎሚ ሥር ጠጠር የገባ መሰላት። በማግሥቱ ከታክሲ ስትወርድ ያው ጠጠር መጣ። ከዚያ ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጣ ስትነሳ። ለማንም አልተናገረችም። ከፋርማሲ ቅባት ገዛች፤ ከቱታዋ ሥር በላስቲክ ፋሻ ጠቅልላ መጣች። አንድ ጎረቤቷ የወሰደቻት ወጌሻ በዘይት አሽቶ አሽቶ አስለቀሳት፤ ከዚያ ጉልበቷ ሦስት ቀን አብጦ ሰነበተ።

እኔ ከኋላዋ ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀኝ እግሯ ድምፅ ቀነሰ። ግራው እንደ ድሮው ይረግጣል፤ ቀኙ ግን አፈሩን ዳሰስ አድርጎ ያልፋል። እንዴት ቀለለች ብዬ ተገረምኩ፤ እንዲያውም ቀናሁባት። በየቅዳሜው እንደ እሷ ቀለል አድርጌ ለመርገጥ እሞክር ነበር። ሕመም እንደዚያ ያማረ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ጉልበቷ ከዳት። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የዘገየችው። እኔ ተረከዟን ረገጥኩ፤ ከኋላዬ ያለው እኔን ገፋኝ፤ በአንድ አፍታ አሥር ሰው በአቧራው ላይ ተጋደመ። ማንም አልተጎዳም። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሮጠው የባንክ ሠራተኛው ሰላሙ ከሁላችን በላይ ወድቆ «ሆዴ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ግንባሬ አልቆ ነበር» አለ። ሳቅን። ጋሽ ፍቅረማርያም ግን ተመልሶ መጥቶ ሲያየን አልሳቀም።

«ማነው እግር የለቀቀው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዲንቄ።

«አሞሻል?»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አቧራውን ከቱታዋ ላይ አራገፈች። «ከነሐሴ።»

ጋሽ ፍቅረማርያም ወደ ጉልበቷ ጎንበስ አለ። «ሁለት ወር ሙሉ እግሬን በታመመ እግር ስትይዢ ከረምሽ» አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጭራ ውጪ» አላት።

ጭራ የመስመሩ መጨረሻ ነው። መስመር የሰበረ ሰው ጭራ ይወጣል፤ ሕጋችን ነው። ቅጣት አይደለም፣ እዚያ ከኋላ የሚረግጥህ የለም ይባላል። ግን ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ ከእሷ በፊት ጭራ የወጡት አራት ሰዎች ከጭራ ወደ ቤታቸው፣ ከቤታቸውም ወደ ዝምታ ነው የሄዱት። ጭራ ላይ ኑሮውን የመሠረተው ሰላሙ ብቻ ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ» አላት። «እዚህ አየሩ ጥሩ ነው። አቧራው ሁሉ የኛ ነው።»

ጭራው ባሰባት። መስመር መጨረሻው ላይ እንደ ላስቲክ ነው፤ ይሳባል፣ ከዚያ ይሰበሰባል፤ ላለመቅረት እርምጃን ማስረዘም ግድ ይላል። ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ዲንቄ የቤቷን ደረጃ ወደ ፊት እያየች መውረድ አቃታት። አራት ፎቅ፣ ብረቱን ይዛ፣ ወደ ኋላ እየሄደች ነበር ወደ ሥራ የምትወርደው። ጎረቤቶቿም የመሥሪያ ቤቷ ሰዎችም አንድ ቃል ነበራቸው፤ በዚህ ዕድሜሽ ሩጫ ምን ያደርግልሻል፣ ተዪው። ያን ጊዜ ነው ደውላ ወደ ክሊኒክ አብሬያት እንድሄድ የጠየቀችኝ።

«እኔ ምን እሠራለሁ?» አልኳት።

«እግሬን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የምትነግሪያቸው ነገር አይጠፋም።»

ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። «ለጉልበት ሕሙማን እዚህ መክፈታቸው፣ ወጥቶ መድረስ የሚችለውን ከማይችለው ለመለየት ነው» አለች ዲንቄ ብረቱን ይዛ እየወጣች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሲፋን የምትባል ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ። ሁለቱ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ ሰላምታው ረዘም ብሎ የማን ልጅ፣ የየት ሰፈር ድረስ ደረሰ፤ ከዚያ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«አስቀድሜ ልንገርሽ» አለች ዲንቄ። «ሩጫ ተዪ ልትዪኝ ከሆነ ሰው ሁሉ በነፃ ብሎኛል።»

«ለምን ይተዉ እላለሁ?» አለች ሲፋን። «ይተኙ እስቲ።»

ሲፋን የዲንቄን ጉልበት አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ሎሚውን ወዲያና ወዲህ ገፋች። በአንድ እግሯ ቆማ ዝቅ እንድትል አደረገቻት፤ ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ሦስታችንም አየነው። «አጥንትዎ ደህና ነው» አለች። «ሎሚው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ከመጠን በላይ ተጨናንቆ ነው የተቆጣው። ያስቆጣውን ነገር ማግኘት አለብን። ይሩጡልኝ።»

«የት?»

«እዚሁ ኮሪደር ላይ።»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሕሙማን እግራቸውን ሰበሰቡላት። ዲንቄ ቦርሳዋን ሰጠችኝና ኮሪደሩን ሮጣ ሄደች፤ ሮጣ ተመለሰች። ሲፋን በስልኳ ቀርፃ፣ አዘግይታ አሳየችን። ስልኩ ላይ የማውቀው እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ከጉልበቷ እጅግ ርቆ፣ በተረከዙ ሲያርፍ ታየ፤ እንደ በትር ቀጥ ብሎ።

«ያዩታል?» አለች ሲፋን። «በእያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን እየያዙ ነው። ፍሬኑ ደግሞ ጉልበትዎ ነው። ቁልቁለት ላይ ይብሳል። እርስዎ እኮ አጭር ነዎት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ዲንቄ።

ሲፋን ሳቀች። «ይሄ የአጭር ሰው እርምጃ አይደለም ማለቴ ነው። ከየት አመጡት?»

ዲንቄ ወደ እኔ ዞረች። ለምን ይዛኝ እንደመጣች ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለእሷም የገባት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

«የጋሽ ፍቅረማርያም ነው» አልኩ።

ስለ መስመሩ፣ ስለ እግር መያዝ ለሲፋን ስንነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማች። እኔ እየተናገርኩም ዓይኔ ከስልኩ ላይ አልተነሳም ነበር። በዚያ ኮሪደር ከዲንቄ ፊት ማንም አልነበረም። የአንድ ረጅም ሰው እግር ግን በአንዲት አጭር ሴት ሰውነት ውስጥ ገብቶ፣ ባለቤቱ ጎማ እየለጠፈ፣ እዚህ ብቻውን ይሮጥ ነበር።

ሲፋን በእጇ እያጨበጨበች፣ በጭብጨባው ልክ እንድትረግጥ፣ እንደገና አስሮጠቻት። ጭብጨባው ፈጣን ነበር፤ እርምጃው ባለበት እስኪመስል አጠረ። «አሁን ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» «ቅድም ስድስት ነበር። አሁን ሦስት።» ዲንቄ መልሱን ራሷ አላመነችውም፤ ደግማ ሮጣ «ሦስት» አለች። ከዚያ ሲፋን የሚሠራውን ነገረቻት። ደረጃ ጠርዝ ላይ በታመመው እግር ቆሞ ሌላውን ቀስ ብሎ፣ እስከ አራት እየቆጠሩ፣ ወደ ታች ማውረድ፤ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፤ በየቀኑ፣ ስድስት ሳምንት። መራመድ ይቻላል፤ ሜዳ ላይ ጥቂት ሶምሶማም ይቻላል። ቁልቁለት መሮጥ ለጊዜው የለም።

«እና ከሰው ኋላ አይሩጡ» አለች በመጨረሻ።

ስንወርድ ዲንቄ ደረጃው መሃል ላይ ቆመች። «ሌላውን ሁሉ አደርገዋለሁ። ከሰው ኋላ አትሩጪ ማለት ግን ጉልበትሽ ይዳን፣ ቅዳሜሽ ይቅር ማለት ነው።» በእኛ ቡድን ሩጫ ማለት ከሰው ኋላ ነው፤ የፊት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተይዟል።

ስድስት ሳምንቱን አንድም ቀን ሳትዘል ሠራች። ማለዳ ማለዳ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ያገኟት ጎረቤቶች «ማንን እየጠበቅሽ ነው?» ይሏታል። «ጉልበቴን» ትላቸዋለች። ቅዳሜ ግን አልቀረችም። እኛ ሳንደርስ ፈረንሳይ ትመጣና በእግሯ ብቻዋን ወደ ጫካው ትወጣለች። እዚያ ነው ዘውድነሽ የሚባሉትን አሮጊት ያገኘቻቸው። ዘውድነሽ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴት ናቸው፤ ሸክሙ ከእሳቸው ይረዝማል። ዲንቄ ቁልቁለቱን እያነከሰች ስትወርድ እሳቸው በግራዋ ዱብ ዱብ እያሉ አልፈዋት ሄዱ። ተከተለቻቸው።

«እማማ፣ ጉልበትዎን አያምዎትም?»

«ያመኛል እንጂ ልጄ። አጭር አጭር ስረግጥ ዝም ይላል። ረጅም እርምጃ ለባዶ ሰው ነው።»

«ለባዶ ሰው?»

«ጭነት ለሌለው።» ከሸክማቸው ሥር አንገታቸውን አዙረው አዩዋት። «አንቺ ግን ባዶሽን ነሽ። ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?»

ያን ቀን ማታ ደውላ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። አራት ቅዳሜ ከዘውድነሽ ኋላ ወረደች። ጉልበታቸው መቼም ቀጥ አይልም፤ እግራቸው ከወገባቸው በታች ያርፋል እንጂ ወደ ፊት አይዘረጋም፤ ሲያዩት ቀስ ያለ ይመስላል፣ ሲከተሉት ግን አይደረስበትም። ሲፋን በጭብጨባ ያሳየቻትን እሳቸው ሃምሳ ኪሎ ተሸክመው ያደርጉታል። አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ዲንቄ አሮጊቷን ሳትከተል፣ ጎን ለጎን ወረደች።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ትንፋሻችን በሚጨስበት ብርድ፣ የሩጫ ጫማዋን አጥብቃ አስራ መጣች። ጋሽ ፍቅረማርያም ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

«ዳንሽ?»

«እየዳንኩ ነው።»

«ሁለተኛ ቦታሽን ይቺ ልጅ እየጠበቀችልሽ ነው» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «ሁለት ሳምንት ጭራ ትሮጪያለሽ፣ ከዚያ ትረከቢያታለሽ።»

«እግርህን አልይዝም ጋሼ» አለች ዲንቄ።

ጫማ የሚያስረው ማሰሩን አቆመ። ጋሽ ፍቅረማርያም የሰማውን ለማጣራት አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ምን ማለት ነው?»

«ከጎን እሮጣለሁ። ከዛፎቹ ማዶ።»

«መስመር ይበተናል።»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ። አንድ ሰው ምን ይበትናል?»

«ክሊኒክ ነው እንዲህ ያለሽ? ሠላሳ ዓመት በዚህ እግር ሮጫለሁ። ምን ሆነ ሊሉ ነው?»

«እግርህ ቆንጆ ነው» አለች። «ለእኔ ግን ሰፋኝ። የወንድሜን ኮት ለብሼ ሠርግ የሄድኩ ነው የሚመስለኝ።»

ሰላሙ ሳቁ አመለጠውና ወደ ሳል ቀየረው። ጋሽ ፍቅረማርያም ዞሮ መሮጥ ጀመረ። ተከተልነው። ዲንቄ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ፣ በዛፎቹ ማዶ፣ ከእኛ እኩል ትወጣ ጀመር።

ሰው በዓይኑ እግር የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። ለካ በጆሮውም ነው። የጋሽ ፍቅረማርያም ኮቴ ሁለት ሲል የእሷ ሦስት ይላል። ዓይኔ የእሱ ተረከዝ ላይ ተተክሎ እግሬ ወደ እሷ ሄደ። ተው አልኩት፤ አልሰማም። አንድ ጊዜ ጫማውን ረገጥኩበት፤ ይቅርታ አልኩ፤ ወዲያው ደግሜ ረገጥኩበት። ከኋላዬም ያው ነበር። ሁለተኛውን ጠመዝማዛ ሳንጨርስ ያ አንድ ኮቴያችን ተበታትኖ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ ሆነ።

ጋሽ ፍቅረማርያም ቆመ። ሁላችንም ቆምን። ፊቱ ጠቁሯል።

«ነይ እንግዲህ» አለ ወደ ዛፎቹ ማዶ። «ነይ፣ ፊት ውጪ። ይሄን እግርሽን እንየው።»

ለውርርድ እንደሚጋብዝ ሰው ነው ያለው። ዲንቄ አልመጣችም። ፊት መውጣት አልጠየቀችም ነበር፤ የጠየቀችው መሮጥ ብቻ ነው። ከእሱ ፊት የሮጠ ሰው በዚህ ጫካ አይታ አታውቅም። እኛንም አየችን፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ዛፎቹን አቋርጣ መጣችና፣ በእሱና በዳገቱ መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ ቆመች። አናቷ ከደረቱ በታች ነው። ወደ ኋላ ሳታይ ተነሳች።

የገበሬ ልጅ መሆኗን ያን ቀን አየሁ። ዳገቱን ፊት ለፊት አልገጠመችውም፤ ሰፋ አድርጋ ወደ ቀኝ ወሰደችን፣ ውሃ ባጠበው ጫፍ ላይ አዞረችን፣ ሰፋ አድርጋ ወደ ግራ መለሰችን፤ በበሬ እንደሚታረስ። እርምጃዋ አጭርና ፈጣን ነው። ለእኔ ከሃምሳ ሜትር በኋላ ተመቸኝ። ለጋሽ ፍቅረማርያም ግን መከራ ነበር። ያን ረጅም እግሩን የሚያስቀምጥበት አጥቶ፣ ጉልበቱን እያነሳ፣ የጋለ አሸዋ ላይ እንደሚሄድ ሰው ሆነ።

«ምስር እየለቀምን ነው ወይስ እየሮጥን?» አለ።

«ምስሩን አትርገጥብኝ» አለች ዲንቄ፣ ሳትዞር።

ዝናብ የመሰለው ኮቴያችን ቀስ በቀስ ተሰብስቦ እንደገና አንድ ኮቴ ሆነ፤ ግን ሌላ ኮቴ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ዞር ብለን ቆጠርን። አስራ አንዳችንም ነበርን። ሰላሙ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዙሪያውን ያይ ነበር። «ይሄ ነው እንዴ ጫፉ?» አለ። «እኔ ስደርስ እኮ ሁልጊዜ እናንተ ስትወርዱ ነው።»

ግን ዳገቱ ለጉልበቷ ፈተና አይደለም፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። የወደቀችው ቁልቁለት ላይ ነው። ሲፋንም ለቁልቁለቱ ገና ያን ሳምንት ነበር፣ በጥቂቱ ይሞክሩ ያለቻት። ጋሽ ፍቅረማርያም ጉሮሮውን ጠርጎ «ቁልቁለቱን እኔ ልምራ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቅድም የነበረው ውርርድ አልነበረም።

«ቁልቁለቱ ነው የኔ ጉዳይ» አለች።

ወረድን። እግሯ ከወገቧ በታች፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ ጥቂት ታጥፎ፣ በዛፎቹ መሃል እየሰፋች እንደምትሄድ መርፌ። ቀኝ እግሯን ሰማሁት። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለቱ እግሮቿ ድምፅ እኩል ነበር። ይህን ለማን እንደምነግር አላወቅኩም፤ እየሮጡ የሚነገር ነገር አይደለም።

እኩሌታው ላይ እጇን አነሳችና ቆመች።

መስመራችን ቁልቁለት ላይ ቆሞ አያውቅም። የደከመው ይወጣል እንጂ መስመር አይቆምም። ዲንቄ ጎንበስ ብላ ሎሚዋን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፤ አጠፈች፤ ዘረጋች። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልንም። ጭራ ውጪ የሚለው ቃል በሁላችንም ጆሮ ውስጥ ነበር፤ የሚናገረው ሰው ደግሞ ከኋላዋ፣ በአንድ እርምጃ ርቀት ቆሟል።

«ምን ይላል?» አላት ጋሽ ፍቅረማርያም።

«መጣሁ ይላል።»

«እና?»

«መቶ እርምጃ እራመዳለሁ። ከዚያ አየዋለሁ። እናንተ እለፉ።»

ማንም አላለፈም። ጋሽ ፍቅረማርያም ወደ ኋላ ዞረ። «እንራመድ» አለ፤ ለእኛ። አስራ አንድ ሰው በመስመር፣ እንደ ለቅሶ ተመላሽ፣ ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርድ ጀመር። ሰላሙ ከኋላ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ጋሽ ፍቅረማርያም እንደዚህ ተራምዶ አያውቅም መሰለኝ፤ በዚህ ጫካ ሁልጊዜ ዓይኑ ሥርና ጉድጓድ ሲፈልግ ነው የኖረው። አርባ ሁለት ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ «ከዚህ የካ ሚካኤል ይታያል እንዴ?» አለ። ዲንቄ «ሁልጊዜም ይታያል» አለችው።

ሰማንያ። ዘጠና። መቶ።

ዲንቄ ቆመች። ጉልበቷን አንድ ጊዜ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ክብደቷን ጣለችበት። ትከሻዋ ዝቅ ሲል ከኋላ አየሁት፤ የቆየ ትንፋሽ ነው የወጣው። ቀኝ እግሯን አንስታ፣ አጠር አድርጋ፣ ቅርብ አሳረፈች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ጋሽ ፍቅረማርያም ገና አልተነሳም ነበር፤ ዓይኑን ተረከዟ ላይ አድርጎ ቆሟል። ቀኟ እስኪመለስ ጠበቀና፣ ያን ጊዜ ቀኙን አነሳ።